ለእርሷስ ማን ተያዥ ይሁናት?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

አዳማ ያላችሁ፣ ሞጆና ወንጂ ያላችሁ፣ መቂና ባቱ፣ ወደ ታችም አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ሆናችሁ የምትከታተሉን፤ ሥራ ላይ ያላችሁም፣ ቡና ቀርቦላችሁ የተቀመጣችሁም፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ግፍ የሚያስተምረውን ይዘን መጥተናል። ግፍ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፈርዖን ነው፤ ሄሮድስ ነው፤ የናቡቴን የወይን ቦታ ያስቀማችው ኤልዛቤል ናት። እነርሱን ለጊዜው እንተዋቸውና ዛሬ ወደ ጓዳ እንግባ። ከጓዳ ወጥተን ደግሞ ሕንፃ ወደሚሠራበት፣ ከዚያም ወደ ወንጂ የሸንኮራ ማሳ እንሄዳለን።

አስቀድሜ ግን አንድ ጥያቄ። ጮክ ብላችሁ መመለስ አይጠበቅባችሁም፤ በልባችሁ ይበቃል። ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ሠርቶላችሁ ገንዘቡን ያልሰጣችሁት ሰው አለ?

ጥያቄውን ያዙልኝ። እንመለስበታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ከተማችን አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት መባሏን፣ ወደ ቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰችውም በ1992 ዓ.ም. መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬም «ናዝሬት ደርሼ መጣሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። የዚያችኛዋን ናዝሬት፣ ጌታ ኢየሱስ ያደገባትን ማለቴ ነው፣ አንድ የሰንበት ውሎ የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 4 ጽፎልናል።

ኢየሱስ ምኩራብ ገባ። የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ተቀብሎ ለድሆች የምሥራች፣ ለታሰሩት መፈታት፣ ለተጨቆኑት ነፃነት የሚለውን ቦታ አነበበ። ሕዝቡ ወደደው። ከአፉ በሚወጣው ቃል ተደነቁ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ በረሃብ ዘመን እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው በእስራኤል ወዳሉት መበለቶች ሳይሆን ወደ አንዲት ባዕድ መበለት መሆኑን ሲነግራቸው፣ እነዚያው ሰዎች ተቆጥተው ከገደል አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። ስለ ድሆች ሲነበብ ሁሉም ደስ አለው። ቃሉ ወደ ራሳቸው ሰፈር ዞር ሲል ግን ወደ ገደል ተሄደ! እንግዲህ ዛሬ እኔም ወደ ቤታችን ዞር ማለቴ ስለማይቀር፣ አደራ፣ ሬዲዮኑን እንዳትዘጉት።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይቀጥልና ይጠፋል)

እንበልና አንዲት ልጅ ከአርሲ ገጠር ወደ አዳማ መጣች። ደላላ ከአንድ ቤት አገናኛት። የቤቱ እመቤት መጀመሪያ የጠየቁት ምንድን ነው? «ተያዥ አላት ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት፣ ልጅ፣ ንብረት አደራ የሚሰጣት ሰው ናት። አንድ የሰፈር ሰው ተገኘ፤ መታወቂያውን አሳየ፤ ስልኩ ደብተር ላይ ተጻፈ። አንድ ዕቃ ቢጠፋ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው።

ልጅቷ ሥራ ጀመረች። ሳይነጋ ትነሳለች። ዳቦ ትገዛለች፣ ልጆቹን አጥባ ታለብሳለች፣ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች። ቀን ሳፋ ሙሉ ልብስ ይጠብቃታል። በረኪና የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ሰሃን አጥባ ምድጃው አጠገብ ፍራሿን ትዘረጋለች።

ወር ሞላ። «እትዬ፣ ደመወዜን...» አለች። «ገንዘብሽ እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ፤ እጅሽ ከገባ ታጠፊዋለሽ» ተባለች። ይህን የሚሉ እመቤቶች ሁሉ ክፉ አይደሉም። በቅንነት የሚሉም አሉ፤ አጠራቅመው፣ ጨምረው፣ አልብሰው የሚሸኙም አሉ። እነርሱን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ግን ደግሞ ሌላውን እናውቀዋለን። ሁለተኛው ወር ላይ የተሰበረ ፔርሙዝ ተቀነሰ። ሦስተኛው ላይ «የደላላውን የከፈልኩት እኔ ነኝ» ተባለ። በስድስተኛው ወር እናቷ ታማ መሄድ ስትፈልግ «ምትክ ሳታመጪ የት ትሄጃለሽ? ከሄድሽ አልከፍልም» መጣ። ከዚያ የባሰውም አለ። ልክ ሒሳቧን በጠየቀች ሰሞን የጆሮ ጌጥ ይጠፋል። ሌባ ተብላ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድ ባዶ እጇን መሄድ ይሻላታል፤ ትሄዳለች።

አሁን እኔ ልጠይቅ። እርሷ ለቤቱ ተያዥ አቅርባለች። ቤቱ ለእርሷ ማንን ተያዥ አቀረበላት?

ማንንም። ደመወዟ ቢቀር ማንን ትጠይቅ? ደላላው ድርሻውን ወስዶ ሄዷል።

(ለአፍታ ጸጥታ)

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ን ክፈቱ። መጽሐፉ ቅርብ ከሌለ በኋላ ታነቡታላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሙሴ ስለ ቀን ሠራተኛ ይናገራል። ድሃና ችግረኛ የሆነውን ምንደኛ አትበድለው ይላል፤ ወንድምህም ቢሆን፣ በአገርህ ያለ መጻተኛም ቢሆን። ደመወዙን በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው። ምክንያቱንም ይናገራል። ሰውየው ድሃ ነው፤ ዓይኑ ያንን ገንዘብ ይጠብቃል። ባትሰጠው ወደ እግዚአብሔር ይጮሃል፤ በአንተም ላይ ኃጢአት ይሆንብሃል።

እስቲ ልድገመው፤ ዋናው ነጥባችን ነው። ሕጉ «ለሠራተኛህ ለግስ» አላለም። «ስጠው፤ የእሱ ነውና» አለ። ጊዜም ቆረጠለት፤ ፀሐይ ሳትገባ።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 23 ደግሞ ወደ ድሃ አደጎች እርሻ አትግባ፣ የሚታደጋቸው ብርቱ ነው፣ ሙግታቸውን እሱ ከአንተ ጋር ይሟገታል ይላል። የሚሟገተውም እግዚአብሔር ራሱ ነው። እንግዲህ በእኛ ከተማ አነጋገር፣ የዚያች ልጅ ተያዥ ማን እንደሆነ ገባችሁ። መታወቂያ አላሳየም፤ ስልኩም ደብተራችን ላይ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

«እኛ እኮ ምጽዋት የምንሰጥ ሰዎች ነን» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እውነት ነው። በአዳማ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ በየበዓሉ የሚሰጠውን አይቻለሁ። ለገብርኤል ዝክር፣ ለማርያም ዳቦ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ በወንጌላውያን ጉባኤዎች ደግሞ አሥራትና መባ፤ እጃችን አይሰስትም።

ለዚህ ጥሩ መልስ ያለው በሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ነው። ሲራክ ከድሃ ንብረት ተወስዶ የሚቀርብን መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት ከማረድ ጋር ያመሳስለዋል። የሠራተኛን ደመወዝ ያስቀረ ሰው ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል ይላል። ከበድ ያለ ነገር ነው። ጦቢትም ልጁን ጦብያን ሲመክር፣ የሠራልህን ሰው ዋጋ አታሳድርበት፣ ወዲያው ስጠው አለው። ጦቢት ራሱ የታወቀ መጽዋች ነበር፤ የተራበ ያበላ፣ የታረዘ ያለበሰ፣ የወደቀ ሬሳ የቀበረ። ያ ሁሉ ደግነት የሠራተኛን ገንዘብ ለማሳደር ፈቃድ አልሰጠውም።

ስለዚህ የዝክሩ ጠላ የተገዛው በማን ገንዘብ ነው? መባው ከየትኛው ኪስ ወጣ? የቤት ሠራተኛዬ የሦስት ወር ደመወዝ እኔ ጋ ካለ፣ የሰጠሁት ምጽዋት የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሙስሊም አድማጮቻችንም የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉ የሚለውን የነቢዩን አደራ ከልጅነታችሁ የምታውቁት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት መገሳሰጽ እንችላለን።

(ሙዚቃ)

ስለ ሕጉም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ብዙ አልቆይበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቀጣሪው ጋር አንድ ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ አንቀጾች አሉት። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ የሥራውና የዕረፍቱ ጊዜ ጤናውን የሚጠብቅ እንዲሆን ቀጣሪውን ያስገድዳል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይታይ ብሎ አሳደረው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማሳደር ስለማይገባው ነገር ስናወራ ይህም የሚጨመር ነው።

እንግዲህ ሕጉ ፋብሪካ ውስጥ ያለችውን ልጅ የሚያያትን ያህል ጓዳ ውስጥ ያለችውን አያያትም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 10 በጽሕፈትም ስለሚሠራ ግፍ ይናገራል። ድሆችን ከፍርድ የሚያጎድል ሥርዓት ለሚጽፉ ወዮላቸው አለ። ያልተጻፈውስ?

አቤቱታ ያላችሁ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ እወቁ። አቤት ማለት ድፍረት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት ዳኛውን እስኪሰለቸው ድረስ የተመላለሰችው «ፍረድልኝ» እያለች ነው፤ ጌታም ምሳሌ አድርጎ ያመጣት እርሷን ነው።

(የመዶሻና የአካፋ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አሁን ከጓዳ ወጣን። ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ አዳማ ውስጥ የማይሰማበት ሰፈር የለም። ሕንፃ እየተነሳ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሳምንቱ ሒሳብ የሚከፈልበት ነው። አሸዋ ሲያንጓልል፣ ብሎኬት በትከሻው ሲያወጣ የሰነበተ ወጣት ቆሞ ይጠብቃል። ፎርማኑ «ባለቤቱ አልሰጠኝም» ይላል። ባለቤቱ ሲጠየቅ «እኔ ለኮንትራክተሩ ከፍያለሁ» ይላል። ኮንትራክተሩ ስልክ አያነሳም። ልጁ የበላው ዳቦና ሻይ በዱቤ ነው፤ ያደረበት አልጋ የሌሊት ሒሳብ ይፈልጋል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ግን የለም።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ስለ አንድ ግንበኛ ንጉሥ ይናገራል። የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም ነው። ሰፊ ቤት አሠራ፤ መስኮት አወጣለት፤ በዝግባ አስለበጠው፤ ቀይ ቀለም አስቀባው። ሠራተኞቹን ግን አልከፈላቸውም፤ በነፃ አሠራቸው። ኤርምያስ «አባትህስ?» ብሎ ጠየቀው። አባትህ ኢዮስያስም በላ፣ ጠጣ፤ ምቾትም አላጣም። ነገር ግን ለድሃውና ለችግረኛው ፈረደ። እግዚአብሔርንም ማወቅ የሚባለው ይኸው ነው አለው።

ልብ በሉ፤ ቤት መሥራት አልተወገዘም። መስኮቱም ቀለሙም ችግር የለበትም። ነቢዩ ሕንፃውን አይቶ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የቀን ሠራተኛው ተከፍሎታል ወይ?

ቤት የምታሠሩ አድማጮቻችን፣ ቅዳሜ ዕለት ራሳችሁ ሳይቱ ብቅ ብላችሁ «ሁላችሁም ተከፍሏችኋል?» ብትሉ ምን ይጎድልባችኋል? ኮንትራቱ ውስጥ ባይኖርም ጠይቁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተያዘ ደመወዝ ራሱ ይጮሃል ይላል። ጩኸቱ ደግሞ የሚሰማው ሕንፃው ላይ ስሙ ከተለጠፈው ሰው ቤት ነው።

ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በአዳማና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። ኦሪት ዘፀአት መጻተኛውን አትግፋ ሲል እናንተም በግብፅ አገር መጻተኞች ነበራችሁ ብሎ ያስታውሳል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አያቱ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ሰው ስንት ይሆናል?

(ሙዚቃ)

ወደ ወንጂ እንሂድ። ከአዳማ ብዙም አይርቅም።

ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ የነበረው ሥራው ሲናጋ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከየአቅጣጫው ሰው መጣ፤ ሸንኮራ ቆራጭ፣ ውሃ ጠላፊ፣ ባለሙያ። ለሠራተኛው መንደሮች ተሠሩ። ለሚጠጣውም ውሃ ጉድጓድ ተቆፈረ።

የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የፈጠረው መሬት ነው። ከድንጋዩ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይገባል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ እጅግ ሲያልፍ በመጀመሪያ የልጆችን ጥርስ ቡናማ ያደርጋል። እዚህ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙኝ፣ ፈገግ ስትሉ አፋችሁን በእጃችሁ የምትሸፍኑ አላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ወደ አጥንት ይገባል። አንገት አልዞር ይላል፤ ወገብ ይታሰራል፤ ሰውየው ጎብጦ ይቀራል፤ እግሩ የሚሰንፍበትም አለ።

ወንጂ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለዓመታት ሸንኮራ የቆረጡ፣ ከዚያው ጉድጓድ የጠጡ ሰዎች በጡረታ ዕድሜያቸው አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሰሉ ሐኪሞች በስምጥ ሸለቆ ያለውን ይህን በሽታ አጥንተው ለዓለም አሳወቁ። በስኳር እርሻውም ፍሎራይድ የሚያስቀሩ ማጣሪያዎች ተተከሉ።

«ታዲያ ይህ ግፍ ነው ወይስ ሳይታወቅ የደረሰ ጉዳት?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረ ሰው ሠራተኛውን ልጉዳ ብሎ አልቆፈረም።

ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 መጨረሻ ላይ የምትገርም ትንሽ ሕግ አለች። ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወው፣ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት፣ የጉድጓዱ ባለቤት ይክፈል ትላለች። ሊገድለው አስቦ ነው ወይ ብላ አትጠይቅም። ጉድጓዱ የማን ነው? ብቻ ነው የምትለው። ለበሬ እንዲህ ከተባለ፣ ለሸንኮራ ቆራጩ ምን ይባል?

ይህች ሕግ ዛሬም ብዙ ሥራ አላት። አዳማ የምትጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው። በዙሪያዋ ባለው ገጠር ግን ዛሬም ከጉድጓድ የሚጠጣ አለ። የውሃ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ድርጅቶች፣ እርሻ የምታለሙ ባለሀብቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃው ይመርመር። ጉድጓዱ ላይ ስማችሁን የምትጽፉ ከሆነ በውስጡ ያለውም የእናንተ ነው።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ሠርቶላችሁ ያልከፈላችሁት ሰው አለ?

«አለ» ያላችሁ ካላችሁ፣ ዘኬዎስን ታውቁታላችሁ፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19። ቀራጭ ነበር። ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ። እዚያ ላይ አላቆመም። ከሰው በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው፤ አንደኛው ሌላውን አላጣፋለትም።

ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ደግሞ ስሌቱን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የበደለ ሰው ይናዘዝ፤ ዋናውን ይመልስ፤ በዋናው ላይ አምስተኛ እጁን ይጨምር። በወር 2,500 ብር የተዋዋለች ልጅ የስድስት ወሩ እናንተ ጋ ቀርቶ ከሆነ 15,000 ብር ነው። አምስተኛው እጅ 3,000 ነው። የምትሰጧት 18,000 ብር ማለት ነው። የተሰበረው ፔርሙዝ አይቀነስም።

አሁንም ቤታችሁ እየሠራች ያለች ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። የተቀጠረችበትን ቀንና የወር ደመወዟን በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ አንዱ እርሷ ጋ ይሁን። የባንክ ደብተር በራሷ ስም ታውጣ። «ላጠራቅምልሽ» የሚል ቅን እመቤት ይህን አያስከፋትም።

«ልጅቷ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ የት አገኛታለሁ?» የምትሉም ትኖራላችሁ። ለዚህም ዘኍልቍ መልስ አለው። ተበዳዩ ከሌለ ለዘመዱ፣ ተቀባይ ዘመድም ከሌለ ለእግዚአብሔር ቤት ለካህኑ ይሰጥ ይላል። ሆኖም ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የድሮውን ደብተር ፈልጉ። የተያዧ ስልክ እዚያ ላይ ተጽፏል። ያኔ የተያዘው ዕቃ ቢጠፋ እንዲጠየቅ ነበር። ደውሉለትና «የት ደረሰች?» በሉት፤ ገንዘቧ እናንተ ጋ እንዳለም ንገሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በመቂና በባቱ ገበያ ስላለው ሚዛንና ስለ ቲማቲም ደላሎች፣ ነቢዩ አሞጽን ይዘን እንመለሳለን። ሚዛን ላይ የምትውሉ አድማጮቻችን ደብዳቤያችሁን ላኩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)